ቦይ ወንዝ አይደለም፦ የተዘጉ ቦዮችን ስለመክፈት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ርዕሰ ጉዳዩ በአንድ ወቅት ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው፣ ባቡርና መኪና ሲመጣ ተረስተው፣ በደለልና በቁጥቋጦ የተሞሉትን የጀልባ ቦዮች መልሶ መክፈት ነው። ጸሐፊው ቁጭት አለባቸው። ቁጭታቸውም የእውነት ነው፤ ሰው ቅዳሜና እሁዱን ሰውቶ፣ አካፋ ይዞ፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የደከመበት ሥራ በየምዕራፉ ሲጓተት ማየት ያበግናል። የከፋኝ ቁጭታቸው አይደለም፤ ጥፋቱን ያሸከሙት አካል ነው።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ቦይ ሰው የሠራው ነገር ስለሆነ እዚያ ላይ ስለ ተፈጥሮ መሟገት ትርጉም የለውም። ሥራው የሚቆመው በውሃ አይጥና በሳር ምክንያት ነው። ደለሉ ባንድ ዘመቻ ተጠርጎ ቢወጣ ብክለቱም አብሮ ይወጣል። የጠራ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው። መርዝ ቢፈስ እንኳ ውሃ ራሱን ያጠራል። ጀልባው አስቀድሞ ይለፍ፣ እንስሳቱ ኋላ ራሳቸው ይመጣሉ። በመጨረሻም መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ሥራው ያለ ወቅት ገደብ ዓመቱን ሙሉ እንዲፈቀድ ነው።

በተራ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ነጥብ ቶሎ ያልቃል፤ ደለሉ ግን ቶሎ አያልቅም። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦይ ሰው ሠራሽ ነው ስለሚለው

ነው። ግን ክርክሩ ከዚህ መጀመር ነበረበት እንጂ እዚህ ማለቅ አልነበረበትም።

ወንዝ ቁልቁለት አለው። ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ የከረመውን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል፤ መልካም ቦታ አይወስደውም ይሆናል፣ ግን ይወስደዋል። ቦይ የተቆፈረው ለተቃራኒው ነው፤ ውሃው እንዳይሄድ። የጥንቶቹ መሐንዲሶች የኮረብታውን ወገብ እየተከተሉ ሜዳ አድርገው ቆፈሩት፤ ጀልባዋ የሚጎትታት ፈረስ ከጅረት ጋር እንዳይታገል ብለው። ከፍታ መቀየር ግድ በሆነበት ቦታ ሎክ አቆሙ። ሎክ ማለት በሁለት በኩል በር ያለው፣ ውሃ ሲሞላበት ጀልባዋን የሚያነሳ፣ ሲጎድል የሚያወርድ ክፍል ነው። በአንዱ ሎክና በሚቀጥለው መካከል ያለው ውሃ፣ ከምንጩ የሚገባው ጥቂት ነገር ቀስ እያለ ቢያልፍበትም፣ በተግባር የተንጣለለ ገንዳ ነው። የገባበት ነገር አይወጣም። ወይ ይንሳፈፋል፣ ወይ ይሟሟል፣ አለዚያም ወርዶ ከሥር ይተኛል።

የጸሐፊው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ቦይ እየጻፉ ያሰቡት ስለ ወንዝ ነው።

ሰው ሠራሽነቱ የዱር ሕይወቱን ዋጋ ያሳንሳል የሚለውም አያስኬድም። በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ላይ ያለውን የሞንትጎመሪ ቦይ እንውሰድ። በ1936 ዳሩ ተደረመሰ፣ የሚጠግነው ጠፋ፣ በ1944 በሕግ ተዘጋ። ጀልባ በማይረግጠው በዚያ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ሉሮኒየም የምትባል ነጭ አበባ ያላት ተንሳፋፊ ተክል ተስፋፋች። በአውሮፓ ደረጃ ጥበቃ የሚደረግላት ዝርያ ናት፤ ትኖርባቸው ከነበሩት የቆላ ሐይቆችና ኩሬዎች ብዙዎቹ ወይ ደርቀዋል ወይ በማዳበሪያ ተበላሽተዋል። በ1952 ተዘግቶ በ2002 እንደገና በተከፈተው የሮችዴል ቦይም ይህችው ተክል አለች። እሷ ቦዩን ማን እንደቆፈረው አትጠይቅም፤ የምትፈልገው ያልደፈረሰና ማዳበሪያ ያልበዛበት ውሃ ነው።

ሥራው የሚቆመው በውሃ አይጥ ነው ስለሚለው

እዚህ ላይ ነገሩ «አህያውን ፈርተው ዳውላውን መቱ» ይሆናል።

አንድን የተዘጋ ቦይ ለመክፈት ምን እንደሚያስፈልግ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተዘረዘረም። ቦዩ ሲዘጋ መንገድ ሠሪዎች ጎበጥ ያለውን የድሮ ድልድይ አፍርሰው አስፋልቱን ከመሬት እኩል አስተኝተውታል፤ ጀልባ እንዲያልፍ መንገዱን ከፍ ማድረግ ወይም አቅጣጫውን ማስቀየር ይጠይቃል። ቦታው ተሸጦ ቤት የተሠራበት አለ። የውሃ ምንጩ ለከተማ መጠጥ የተወሰደበት አለ። ሞንትጎመሪን መልሶ የመክፈት ሥራ የተጀመረው በ1969 ነው፤ ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ገና ዳር እስከ ዳር አልተከፈተም። በእርግጥ ለተክሏ ሲባል ከቦዩ ጎን ጀልባ የማይገባባቸው መጠለያ ኩሬዎች መቆፈር ነበረባቸው፤ ይህም ገንዘብና ጊዜ ወስዷል። ግን መንገዱን ከቦዩ ላይ ያስተኛችው ተክሏ አይደለችም።

ከዚያ ደግሞ ዳር ይደረመሳል። በ2018 መጋቢት ላይ እንግሊዝ ውስጥ በሚድልዊች ከተማ አጠገብ የሎክ ውሃ መልቀቂያዎች ክፍት ቀርተው ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ፣ የአፈር ግድቡን ጠርጎ ወሰደው፣ መስመሩ ለወራት ተዘጋ። በ2025 የመጀመሪያ ቀን ከከባድ ዝናብ በኋላ የብሪጅዎተር ቦይ ደንሃም ማሲ አካባቢ ተደረመሰ። ያው ዓመት ጎርፉን ባሳየ በወራት ውስጥ ድርቁን አመጣ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሊድስና ሊቨርፑል ቦይ ውሃ አጥሮት ሰፊው ክፍሉ ለጀልባ ተዘጋ። አንዲት ጀልባ ጠባብ የሚባለውን ሎክ አንድ ጊዜ ስታልፍ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ፈቃድ አይሞላውም። ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም ያመጣችው የውሃ አይጥ አይደለችም።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፦ በዱር እንስሳት ጥናት ምክንያት ሥራ የተጓተተበት ቦታ የለም አልልም። አለ። ወደ ምክንያቱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

የውሃ አይጥን በቅርብ ያየ ሰው ግን ይህን ሁሉ ጥፋት አይጭንባትም። ቡናማ ፀጉር፣ ድብልብል ፊት፣ በፀጉር የተሸፈነ ጆሮ። ብዙ ጊዜ ከማየታችሁ በፊት የምትሰሟት ድምፅዋን ነው፤ ጠጠር የወደቀ ያህል «ጡብ» ብላ ትጠልቃለች። የበላችበትም ቦታ ይታወቃል፤ የሳሩ አገዳ በቢላ እንደተቆረጠ በሰያፍ ተቀንጥሶ ቁርጥራጩ ባንድ ቦታ ተከምሮ ይገኛል። በየቀኑ ከክብደቷ ብዙም የማያንስ ሳር መብላት አለባት፤ ስለዚህ ዳሩ ላይ ሳር ከሌለ እሷም የለችም። ጉድጓዷ ሁለት ዓይነት በር አለው፣ አንዱ ከውሃ በላይ፣ አንዱ ከውሃ በታች። ለፀጉሩ ሲባል ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ከእርባታ ያመለጠው ሚንክ የሚባለው አውሬ ብሪታንያ ውስጥ ጨርሷታል ማለት ይቻላል፤ ሴቷ ሚንክ ቀጠን ስለምትል እስከ ጎጆዋ ድረስ ገብታ ትለቅማታለች። ያንን ያመለጠችውን ደግሞ መሐንዲስ ይመጣና ዳሩን በብረት ዝርግ ያሽግባታል። በብረት ውስጥ ጉድጓድ አይቆፈርም።

ብረት የግድ ነው ወይ? ግድቡ ከፍ ያለ ሆኖ ከሥሩ ቤት ካለ፣ አዎ፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ሜዳ ላይ ግን ከኮኮናት ቃጫ የተጠቀለለ ድጋፍ በእንጨት ችካል አስይዞ ሸምበቆና ፊላ ቢተከልበት፣ ቃጫው እየበሰበሰ ሲሄድ የተክሎቹ ሥር ቦታውን ይረከባል። የጀልባ ማዕበልም ይሰብራል።

ደለሉ ባንዴ ይውጣ ስለሚለው

ከጽሑፉ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ደለልን እንደ ቤት አቧራ ነው ያዩት፤ ጠርገህ ታወጣዋለህ፣ ቤቱ ይጸዳል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያለው ሰው የቦይ ደለል ያየ ይመስለኛል።

ደለሉ ከላይ ካለችው ስስ ሽፋን በቀር ኦክስጅን የለውም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከፋብሪካና ከመንገድ የወረዱት ዚንክ፣ መዳብ፣ ካድሚየምና እርሳስ ከሰልፋይድ ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል። እስካልተነኩ ድረስ ከውሃው ጋር ብዙም አይገናኙም። የቁፋሮ ማሽኑ አካፋ ሲገባ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ ደለሉ አየር ሲያገኝ ሰልፋይዱ ከውሃው ኦክስጅን ይመጥጣል፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከላይ አውጥተው የሚያጋሱት፣ አየሩም የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ታስሮ የነበረው ብረታ ብረት ይፈታል። በወንዝ ላይ ይህ ደመና ወደ ታች ይሄዳል። በቦይ ላይ ግን ያው ገንዳ ውስጥ ይውላል ያድራል።

ለዚህ ነው ወቅቱ ወሳኝ የሚሆነው። በዜሮ ዲግሪ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እስከ 14.6 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 9 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ለዓሦቹ በብርዱ ወራት የነበራቸው ትርፍ በሙቀቱ ወራት የለም። ያው አካፋ፣ ያው ደለል፣ ያው ቦታ ሆኖ በአንዱ ወቅት ዓሦቹ ይተርፋሉ፣ በሌላው ያልቃሉ።

ምሳሌ ከተፈለገ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ያለው የጎዋነስ ቦይ አለ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ዳርና ዳሩ ላይ ፋብሪካ ተደረደረበት፤ ከእነዚህ ውስጥ የድንጋይ ከሰል አቃጥለው የመብራት ጋዝ የሚያወጡ ነበሩ። የእነሱ ተረፈ ምርት ሬንጅ መሳይ ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ደለሉን አልፎ ከሥር ያለውን የተፈጥሮ አፈር ሰርጎ ገብቶበታል። በ2010 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሱፐርፈንድ መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ ይህ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች የሚመዘገቡበት ነው። ዋናው ደለል የማውጣት ሥራ የተጀመረው ግን በ2020 መጨረሻ ነው።

አሥር ዓመት! የእኛ ጸሐፊ ቢሆኑ ይህን ቢሮክራሲ ይሉት ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ግን ብዙ ነገር ተሠርቷል። ከወለሉ ወደ ታች ናሙና እየተሰረሰረ ሬንጁ የት ድረስ እንደወረደ ተለካ። ከፋዩ ማን እንደሆነ ተለየ። የትኛው ደለል እንደሚወጣ፣ የትኛው ለማውጣት ጥልቅ ስለሆነ እዚያው ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚታሰር፣ ከላዩ ምን ዓይነት ሽፋን እንደሚነጠፍ ተወሰነ። ሽፋኑ ራሱ ድርብርብ ነው፦ ከሥር የሚያመልጠውን ሬንጅ የሚመጥ ንጣፍ፣ በላዩ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ የጀልባ ፕሮፔለር እንዳይቦረቡረው ድንጋይ። በ2013 ለሥራው የተገመተው ወጪ 506 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ኋላ ግምቱ ከ1 ቢሊዮን አልፏል።

ከዚህ ሁሉ ለክርክራችን የሚጠቅመው ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ከከተማው ፍሳሽ መስመር፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ወደ ቦዩ ይገነፍል ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ይህን የሚይዙ ሁለት ግዙፍ የመሬት ውስጥ ታንኮች አካተተ፤ አንዱ 8 ሚሊዮን ጋሎን፣ ሌላው 4 ሚሊዮን ጋሎን። ያለ እነሱ የተጸዳው ወለል ተመልሶ ይቆሽሻል። ቧንቧው ሳይዘጋ ቤት መጥረግ ማለት ነው።

ብክለቱ የፋብሪካ ብቻ ነው ለሚሉም፣ ከራሳቸው ከጀልባዎች የመጣ አንድ ታሪክ ልጨምር። የጀልባ ሆድ ላይ አልጌና ቀንድ አውጣ እንዳይጣበቅ ቲቢቲ የሚባል ቆርቆሮ ያለበት ኬሚካል የተቀላቀለ ቀለም ይቀባ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በአርካሾን ባሕረ ሰላጤ የኦይስተር ዛጎል ተበላሸ፤ ሌላ ቦታም የባሕር ቀንድ አውጣ ሴቶቹ የወንድ አካል አበቀሉ። ፈረንሳይ በ1982፣ ብሪታንያ በ1987 በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከሉት፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። ኬሚካሉ ኦክስጅን በሌለው ደለል ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እንግዲህ የድሮ ጀልባ ማደሻ በነበረበት ቦይ ላይ ናሙና ሳይወሰድ አካፋ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ደለል አይውጣ አላልኩም። ካልወጣ ጀልባም አያልፍ፣ ቦዩም ውሎ አድሮ ሸምበቆ፣ ከዚያም ረግረግ፣ ከዚያም መሬት ይሆናል። ይውጣ፤ ግን ናሙናው አስቀድሞ፣ ቦታው ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ደለሉን የሚያግድ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ኦክስጅኑ በየሰዓቱ እየተለካ፣ ሲወርድ ማሽኑ እየቆመ። የሚወጣው ጭቃ የት እንደሚጣልም ማሽኑ ሳይነሳ ይታወቅ። በድሮ ጊዜ በአጠገቡ ያለ እርሻ ላይ ይዘረገፍ ነበር።

የጠራ ውሃ ንጹሕ ነው ስለሚለው

ሳያናይድ ቀለም የለውም። ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

ዜብራ የተባለችው ጥፍር የምታክል ባለ ዛጎል ደግሞ አለች። አንዷ በቀን እስከ አንድ ሊትር ውሃ ታጣራለች፤ በሚሊዮን ስትባዛ ውሃው እንደ መስታወት ይጠራል። የጠራው ግን ሌላው ፍጡር የሚበላው ደቃቅ ነገር ሁሉ ስላለቀ ነው። በተቃራኒው፣ ለዓይን የሚያስጠላ ነገር ሁሉ ብክለት አይደለም። ቦይ ዳር ቆማችሁ ቀስተ ደመና የሚያሳይ ስስ ንጣፍ ውሃው ላይ ካያችሁ እንጨት አንሡና ነካ አድርጉት። እንደ ስስ በረዶ ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጩ ለየብቻ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ጉዳት የለውም። እየተጠማዘዘ ተመልሶ ከተገጣጠመ ግን ናፍጣ ወይም ዘይት ነው፤ ከየት እንደመጣ ተከተሉት። ይህን ሙከራ ለመሥራት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጸሐፊው ለፎቶግራፍ ባጎነበሱበት ጊዜ እንጨት ቢያነሡ ደስ ባለኝ ነበር።

የማይታየው ይብሳል። ከመኪና ጎማ የሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ኬሚካል አለ፤ አየር ላይ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኮሆ የተባሉት የሳልሞን ዓሦች እንቁላል ሳይጥሉ ለምን እንደሚሞቱ ለዓመታት ግራ አጋብቶ ቆይቶ ምክንያቱ ይህ ውህድ መሆኑ የታወቀው በ2020 ነው። አስፋልቱ አብዛኛውን ጊዜ የቦዩ ጎረቤት ነው፤ የዝናብ መውረጃውም ቀጥታ ወደ ቦዩ ነው።

መርዝ ቢፈስም ውሃ ራሱን ያጠራል ስለሚለው

በነሐሴ 2024 እንግሊዝ ውስጥ ዎልሶል በሚባል ከተማ ሶዲየም ሳያናይድ ወደ ቦዩ ፈሰሰ። ባለሥልጣናቱ ከባድ አደጋ ብለው አወጁ፣ 19 ኪሎ ሜትር ያህል የቦይ ዳር ለሰውም ለውሻም ተከለከለ፣ ዓሦች ሞተው ተንሳፈፉ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው በሳምንታት ውስጥ ክልከላው መነሣቱን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ።

ሳያናይድ ከብዙ መርዞች ጋር ሲወዳደር ቶሎ እንደሚበተን አልክድም። ግን የክልከላው መነሣት የሚናገረው ሰው በዳሩ ቢሄድ እንደማይጎዳ ነው። በወንዝ ላይ ከላይኛው ተፋሰስ አዲስ ዓሣ፣ አዲስ ትል፣ አዲስ እጭ እየወረደ ባዶውን ቦታ ይሞላል። በቦይ ላይ በሁለት በኩል የተዘጋ በር ነው ያለው። ትላልቆቹ ዓሦች ካለቁ የሚተካው ትውልድ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል። ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ደግሞ የሚራባው ውቅያኖስ መካከል በሳርጋሶ ባሕር ነው፤ ልጆቹ አትላንቲክን አቋርጠው እስኪመጡ ሎኩን ከፍቶ የሚጠብቃቸው የለም። ዝርያው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው።

ራሱን ያጠራል የሚለውን ተስፋ ኒውዮርኮች ራሳቸው አልተቀበሉትም። የጎዋነስ ውሃ በመቆሙ ብቻ ሲገማ አይተው በ1911 ከወደቡ ጋር አገናኝቶ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ዋሻ ሠሩለት። በ1960ዎቹ መሣሪያው ተበላሸ፣ እስከ 1999 ድረስ ሳይሠራ ቀረ። ቦዩም እንደ ድሮው ገማ።

እንዲያውም ለእኔ ዜና የሚሆነው መርዝ ዋናው ጠላት አይደለም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይባል የለ? ጠላቱ የሚያሳስቀው ነው። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ተሳስቶ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፍሳሽን ከዝናብ ውሃ መስመር ጋር ያገናኛል። ማንም አያስተውልም። ፎስፌቱ በየቀኑ ወደ ቦዩ ይንጠባጠባል፣ አልጌ ይመገበዋል፣ ላዩን አረንጓዴ ምንጣፍ ያለብሰዋል፣ ከሥር ያለው ተክል ብርሃን አጥቶ ይሞታል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። እምቦጭ ሐይቅ ላይ ሲንሰራፋ ያየ አንባቢ ማዳበሪያ የጠገበ፣ የቆመ ውሃ ምን እንደሚያበቅል ማስረዳት አያሻውም።

ጀልባው ይቅደም፣ እንስሳቱ ይከተላሉ ስለሚለው

ግማሹ ልክ ነው። ጥቂት ጀልባ የሚያልፍበት ቦይ ጨርሶ ከተተወው ይልቅ ብዙ ዓይነት ሕይወት ሊኖረው ይችላል፤ መሐሉ ክፍት ይሆናል፣ ዳሩ ይለመልማል። ሲበዛ ግን ፕሮፔለሩ ደለሉን ያለማቋረጥ ያደፈርሰዋል፣ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፣ በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ተክል ይጠፋል፤ በሱ ላይ እንቁላል የሚጥለውም አብሮ ይጠፋል።

ጀልባው ብቻውንም አይመጣም። ሁለት ተፋሰስ ያገናኘ ቦይ ለወራሪ ዝርያ በር ከፍቷል። ቺካጎ በ1900 የከፈተችው ቦይ የከተማዋን ፍሳሽ ከሚቺጋን ሐይቅ አርቆ ወደ ሚሲሲፒ እንዲወስድ ነበር፤ ፍሳሹን ለጎረቤት አስረከበች ማለት ነው፤ ሚዙሪም በዚህ ከስሳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳለች። ኋላ ያቺ ባለ ዛጎል ዜብራ በዚያው መንገድ ወደ ሚሲሲፒ ወረደች። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ዓሣ እንዳያልፍ በቦዩ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተለቀቀ ነው። ለአንድ መቶ ዓመት የከፈቱትን በር አሁን በኤሌክትሪክ ይጠብቁታል።

ቅደም ተከተሉን በትክክል የያዘ ሥራ ማየት ለሚፈልግ ጀርመን ውስጥ ኤምሸር አለ። በኢንዱስትሪው ዘመን ወንዙን በኮንክሪት አስረው ክፍት የፍሳሽ ቦይ አድርገውት ነበር። በ1992 ሲጀምሩ አበባ አልተከሉም፤ ፍሳሹን ለብቻው የሚወስድ 51 ኪሎ ሜትር የመሬት ውስጥ ቱቦ ቀበሩ። ውሃው ከፍሳሽ ነፃ የሆነው በ2021 መጨረሻ ነው። ኮንክሪቱ የተነሣው በየቦታው ፍሳሹ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በላይኛው ገባር ጅረት ላይ የተረፈች ግሮፐ የተባለች የወለል ዓሣ ነበረች፤ ከዚያ ተነሥታ ነው ወደ ታደሱት ጅረቶች የተመለሰችው። እንስሳቱ ራሳቸው ይመጣሉ የሚለው እውነት የሚሆነው የሚመጡበት ቦታ ከተረፈ ነው። ያቺ ጅረት ለጀልባ ሲባል ቀድማ ተጠርጋ ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣ ነበር?

ሥራው ዓመቱን ሙሉ ይፈቀድ ስለሚለው

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የውሃ አይጥን ከሚሠራበት ዳር ገለል ማድረግ ይፈቀዳል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሳሩን ዝቅ አድርጎ ማጨድ፣ መብሏን ስታጣ በአጠገቡ ወዳለው ያልታጨደ ዳር ራሷ ትሄዳለች። ለዚህ ከተፈቀዱት ወቅቶች ዋናው ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው፤ ከብርዱ ወራት ጓዳዋ ወጥታ ገና ልጅ ያልወለደችበት ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ውጡ ቢሏት በብርድ ትሞታለች፤ ከዚያ በኋላ ልጆቿን ጥላ መሄድ አትችልም።

ስለዚህ ዳሩ በበልግ እንዲቆረጥ የሚፈልግ ሰው ጥናቱን ባለፈው የሙቀት ወራት ጨርሶ፣ ፈቃዱን በብርዱ ወራት ይዞ፣ ማጨጃውን በፌብሩዋሪ ማሠማራት አለበት። ጸሐፊው በምሬት ያወሱት አንድ ዓመት የጠፋበት ሥራ፣ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ማመልከቻው የገባው በሜይ ነው። ማሽኑ ተከራይቶ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ቀጠሮ ይዘው፣ ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዳሩ ላይ ምን እንደሚኖር የተጠየቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለሚቀጥለው ክፍል ዕቅድ እያወጡ ከሆነ፣ ዳሩን በእግር የሚያይ አንድ ባለሙያ በዚህ የሙቀት ወራት ቢልኩ፣ የፌብሩዋሪዋን ቀን ይደርሱባታል።